በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የሚወስነው ምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከጀሞ፣ ከቦሌ ለሚ፣ ከገላንና ከቡራዩ አካባቢ ነዋሪዎች፣ ከአሠሪዎችና ከተማሪዎች ስለ ሥራ ሰዓት ደጋግመው ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። በማደግ ላይ ባለ ኢኮኖሚ ውስጥ አንድ ሰው ብዙ ወይም ጥቂት ሰዓት የሚሠራበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከባሕርዩ ይልቅ ሥራው በሚያስከፍለው ዋጋ ውስጥ እንደሚገኝ ከመልሶቹ መረዳት ይቻላል።

ድሃ አገሮች ድሃ የሆኑት ሕዝባቸው ጥቂት ስለሚሠራ ነው?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና የበርካታ አገሮችን የቤተሰብ መረጃ ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖር አዋቂ ሰው ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚኖረው ይልቅ በሳምንት በአማካይ በግማሽ ያህል የሚበልጥ ሰዓት ይሠራል። ይህ እንግዲህ እንጀራ መጋገሩ፣ ውኃ መቅዳቱና ልጅ ማሳደጉ ሳይቆጠር ነው። ልዩነቱ ያለው በአንድ ሰዓት ውስጥ በሚገኘው ውጤት ላይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት የብረታ ብረት ቤት የሚሠራ በያጅ ኃይል እስኪመለስ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ የምትውል እናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከሥራዋ ባትለይም ገዢ ፊቷ የሚቆምበት ጊዜ ተደማምሮ ከጥቂት ሰዓት አይበልጥም። ቀሪው መጠበቅ ነው። መጠበቁም ሥራ ነው፤ ትታው ብትሄድ የዕለቱ ገበያ ያመልጣታልና።

ስለዚህ «ሕዝባችን ሥራ አይወድም» የሚለው አነጋገር ከመረጃው ጋር የማይጣጣም ብቻ ሳይሆን፣ ማለዳ በጨለማ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆመውን ሰው ሁሉ የሚበድል ነው።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ የሚታዩ ወጣቶች ለምን በዙ?

የሥራው መቆራረጥና የሥራ ሰዓቱ መርዘም የአንድ ችግር ሁለት መልኮች ስለሆኑ ነው። ለምሳሌ የግንባታ ቀን ሠራተኛን ብንወስድ፣ ግንበኛውም ሆነ ረዳቱ ሥራ ባለበት ሳምንት ከጨለማ እስከ ጨለማ ይሠራል፤ ክረምቱ ሲገባና ቁፋሮው ሲቆም፣ ሲሚንቶ ሲጠፋ ወይም ባለቤቱ ገንዘብ ሲያጥረው ግን ማለዳ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠራው ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያ ዕለት ያየው ሰው ሥራ ፈት ይለዋል፤ ባለፈው ሳምንት ያየው ደግሞ ትጉህ ብሎት ነበር።

የሥራ አጥነት አቆጣጠሩም ይህን በደንብ አያሳይም። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ መሠረት ጥናቱ በሚመለከተው ሳምንት ውስጥ ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት እንኳ የሠራ ሰው ሥራ ካላቸው ይቆጠራል። በከተማው ዳርቻ ትልቁ ችግር ምንም አለመሥራት ሳይሆን፣ መሥራት የሚፈልጉትን ያህል ሰዓት አለማግኘት ነው።

ክፍያ ሲጨምር ሰው የበለጠ ይሠራል ወይስ ያነሰ?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የሰዓት ክፍያ ሲያድግ እያንዳንዱ የዕረፍት ሰዓት የሚያሳጣው ገንዘብ ስለሚበዛ ሰው ሥራውን ለመጨመር ይነሣሣል፤ በሌላ በኩል የሚያስፈልገውን ገንዘብ በአጭር ጊዜ ስለሚያገኝ ለዕረፍትና ለቤተሰቡ ጊዜ መስጠት ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያይል የሚወስነው ሰውየው ከዕለት ፍላጎቱ ምን ያህል እንደራቀ ነው። የቤት ኪራይና የአስቤዛ ወጪ ገና ያልተሸፈነለት ሰው ክፍያው ሲቀንስ ሥራ አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ።

ይህን በግልጽ ለማየት የባጃጅ አሽከርካሪውን ውሎ መመልከት ይበቃል። ባጃጁ የሌላ ሰው ከሆነ አሽከርካሪው በየቀኑ ለባለንብረቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ቤንዚኑንም ራሱ ይሞላል። ማለዳ 12 ሰዓት ከኮንዶሚኒየሙ በር እስከ ዋናው መንገድ መመላለስ ይጀምራል፤ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ የሚሰበስበው ገንዘብ ለባለንብረቱና ለቤንዚን ከሆነ የራሱ የሥራ ቀን የሚጀምረው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው ማለት ነው። የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ ይህ መስመር ወደ 10 ሰዓት ቢገፋ፣ ቀድሞ ምሽት 1 ሰዓት የሚገባው ሰው 3 ሰዓት ይገባል። በሥራው የሚያገኘው ስለቀነሰ ሥራው ረዘመ። እስከ ምሽት የሚሠራውን ሰው ሁሉ «ገንዘብ ወዳድ» ማለት ስሌቱን ካለማየት የመጣ ፍርድ ነው።

በወር ደመወዝ የሚተዳደረውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር የመግዛት አቅም ሲቀንስ፣ ከመደበኛ ሥራው በኋላ ሌላ ሥራ የሚፈልገው ደመወዝተኛ ለዚህ የተነሣሣው ሥራው አጓጊ ስለሆነለት አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ቤቱን መሸፈን ሲያቅተው የማታ ማስጠናት፣ የደላላ ሥራ ወይም የቅዳሜና እሑድ ሾፌርነት ይጨመርበታል።

የመኖሪያ ቤት ርቀት በሥራ ሰዓት ላይ ይህን ያህል ተጽዕኖ አለው?

አለው፤ እንዲያውም በከተማው ዳርቻ ከሁሉም የሚከብደው ምክንያት ይህ ይመስለናል። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሰፊ መሬት በሚገኝበት አቅጣጫ ወደ ዳር ወጥቷል። ቤቱ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ሆኗል፤ ሥራው ግን አብሮ አልሄደም። ከመርካቶና ከአራት ኪሎ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ዳር የገባ ሰው የድሮ ደንበኞቹን፣ የድሮ አሠሪውንና ሥራ የሚጠቁሙትን ጎረቤቶቹን ትቶ ነው የሄደው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡርም በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ ከዚያ ወዲያ ያለው ነዋሪ ታክሲ መቆራረጥ ግድ ይለዋል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በቀን 300 ብር የሚከፈለው ሰው 8 ሰዓት ቢሠራ የሰዓት ክፍያው 37 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ለመመላለሻ 60 ብር ቢያወጣና ሰልፉን ጨምሮ 3 ሰዓት በመንገድ ቢያጠፋ ግን ለ11 ሰዓት ድካም በእጁ የሚቀረው 240 ብር፣ ማለትም በሰዓት 22 ብር ያህል ይሆናል። አሠሪው የሚያስበው በመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ሠራተኛው የሚኖረው በሁለተኛው ነው።

ርቀት ሌላም ውጤት አለው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። የመመላለሻው ገንዘብና ጊዜ ለ3 ሰዓት ሥራም ለ10 ሰዓት ሥራም ያው ስለሆነ፣ ሩቅ የሚኖር ሰው የግማሽ ቀን ሥራ አያዋጣውም። ወይ ሙሉ ቀን ይሠራል፣ ወይ ጭራሹን ይተወዋል። ትንሽ ልጅ ያላት፣ የታመመ የምታስታምም ወይም በማታ የምትማር ሴት ግማሽ ቀን መሥራት ብትችልም ሥራው ቅርብ ስላልሆነ ብቻ ከሥራ ውጭ ትሆናለች። በሰፈር ውስጥ የሚከፈት አነስተኛ ሱቅ፣ የልብስ ስፌት ቤት ወይም የጸጉር ቤት ገቢው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ወጣቶች ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብተው ብዙ ሳይቆዩ የሚለቁት ለምንድን ነው?

አሠሪዎች ይህን የሚጠይቁት በቅሬታ ነው፤ ጥያቄው ግን በቂ ጥናት የተደረገበት ነው። በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ካመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ ተለይተው የተቀጠሩትን የተከታተለ ጥናት እንዳገኘው፣ ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል። የፋብሪካ ሥራው በዓመቱ መጨረሻ ካልተቀጠሩት የበለጠ ገቢ አላስገኘላቸውም፤ ከባድ የጤና እክል የገጠማቸው ሰዎች ቁጥር ግን ጨምሯል። በአንጻሩ 300 የአሜሪካ ዶላር ያህል ድጋፍና የንግድ ሥልጠና ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አድጓል። ከአምስት ዓመት በኋላ በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት በአብዛኛው ጠፍቷል።

ከዚህ የምንረዳው ብዙዎቹ ፋብሪካውን ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ድረስ የሚጠለሉበት ቦታ አድርገው እንደሚያዩት ነው። ከክፍለ ሀገር መጥታ ቦሌ ለሚ አካባቢ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይታ የምትኖር ልጅ የቤት ኪራይና ምግብ ከቀነሰች በኋላ ለቤተሰቧ የምትልከው ካልተረፋት፣ እዚያው መቆየቷ ትርጉም ያጣባታል። ደመወዙ ባይጨምር እንኳ የመኝታ አገልግሎት፣ የምሳና የሰርቪስ መኪና ያለው ድርጅት ሠራተኛ የሚያቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ራሱ በሠራተኛው ፈቃድ ብቻ እንደማይወሰንም መዘንጋት የለበትም። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ውጭ ስትሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ትዕዛዝ ቀንሶባቸዋል። የስፌት መኪናው ፊት ለመቀመጥ ዝግጁ የሆነች ልብስ ሰፊ የትርፍ ሰዓቷን፣ አልፎም ሥራዋን ያጣችው እሷ ባልተሳተፈችበት ውሳኔ ነው።

ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ይሠራሉ?

በክፍያ የሚሠራውን ብቻ ከቆጠርን አዎን፤ ሁሉንም ከቆጠርን ግን አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው የሚንጠባጠበው ሌሊት 8 ሰዓት ከሆነ ተነሥታ ጀሪካኖቹን የምትሞላው በአብዛኛው ሴት ናት። ሊጥ ማቡካት፣ መጋገር፣ ልጅ ማልበስና ትምህርት ቤት ማድረስ የሚያልቀው ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ነው፤ መብራት ሄዶ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ምሽቱን ይሻማል። ይህ ሁሉ ከሥራ ሰዓት መዝገብ ውጭ ነው።

ልጅን የሚጠብቅ ሰው መገኘት የእናቲቱን የሥራ ሰዓት በቀጥታ ይወስናል። በናይሮቢ ዝቅተኛ ኑሮ ባለበት ሰፈር የተደረገ ጥናት እናቶች የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ሲሸፈንላቸው ሥራ የመያዝ ዕድላቸው እንደጨመረ አሳይቷል። በእኛ አገር የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር፤ ጉሊት የምትውለው፣ ልብስ የምታጥበውና በቀን ሥራ አሸዋ የምታቀብለው እናት ግን የዚህ ተጠቃሚ አይደለችም። እርሷ ያላት ምርጫ ልጇን አዝላ መዋል፣ ከጎረቤት ማስቀመጥ ወይም ታላቅ እኅቱን ከትምህርት ማስቀረት ነው። ሦስተኛው ምርጫ የልጅቱን የወደፊት ሥራ ጭምር ይወስናል፤ በየሰፈሩ ርካሽና ንጹሕ የሕፃናት ማቆያ መክፈት ከብዙ የሥልጠና መርሐ ግብሮች ቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሥራ መፈለግ ራሱ ገንዘብ ያስወጣል?

በጣም። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ለብዙ ዘመን የተለጠፉት በመሐል ከተማ ሰሌዳዎች ላይ ነው፤ ዛሬ በቴሌግራም ቢታዩም ማመልከቻ ማስገባት፣ ፈተና መቀመጥና ለቃለ መጠይቅ መቅረብ የታክሲ ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች የትራንስፖርት ገንዘብ በመስጠት የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ድጋፉን ያገኙት ፍለጋቸውን አጠናክረዋል፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨምሯል። በሌላ ተከታታይ ጥናት ደግሞ ችሎታቸውን በምስክር ወረቀት እንዲያሳዩና ማመልከቻ እንዲያዘጋጁ የታገዙ ወጣቶች ከዓመታት በኋላም በገቢያቸው ተሽለው ተገኝተዋል። ፍለጋውን ያቆመ ወጣት ተስፋ ቆርጦ ሳይሆን የታክሲው አልቆበት ሊሆን ይችላል።

ድጋፍ የሚያገኝ ሰው ሥራ ይፈታል?

ይህ ሥጋት የቆየ ነው፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። በስድስት በማደግ ላይ ያሉ አገሮች በሰባት የገንዘብ ድጋፍ መርሐ ግብሮች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ ድጋፉ ሰዎችን ከሥራ እንዳላስወጣ ታይቷል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የከተማ ምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት መርሐ ግብርም አቅም ያላቸው ተጠቃሚዎች በአካባቢያቸው የጽዳትና የልማት ሥራ ሠርተው የሚከፈልበት ነው። በመዲናዋ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ መርሐ ግብሩ በሰፈር ሥራ በመስጠቱ በግል ቀጣሪዎች ዘንድ ያለው ክፍያ ጭምር ከፍ ብሏል፤ ሠራተኛው ሌላ አማራጭ ሲኖረው ቀጣሪው የተሻለ መክፈል ግድ ይለዋልና።

ዘመድ መርዳትና እቁብስ?

ሁለቱ የሥራ ሰዓትን በተቃራኒ አቅጣጫ ይስባሉ። ገቢው በታወቀ ቁጥር ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለታመመ ዘመድ የሚጠየቅ ሰው ተጨማሪ ሠርቶ ለራሱ የሚቀረው ትንሽ ሊሆን ይችላል። በኮትዲቯር የካሹ ፋብሪካ ሠራተኞች ከገቢያቸው የተወሰነው በማይነካ ሒሳብ እንዲቀመጥላቸው ሲደረግ ሥራ መግባታቸውና ገቢያቸው ጨምሯል። የዕለት እቁብ የሚጥል ባለ ሱቅም ተመሳሳይ ነገር ያውቃል፤ ሰብሳቢው ምሽት ስለሚመጣ የእርሱን ሳይሞላ ሱቁን አይዘጋም። መረዳዳቱ ግን ሰው ሲታመምና ሥራ ሲያጣ ብቸኛው መጠጊያው ስለሆነ እንደ ሸክም ብቻ መታየት የለበትም።

በዓላት ሥራ ይቀንሳሉ?

በገጠር በወር በዓላት እርሻ አለመንካት የቆየ ልማድ ነው። በከተማው ዳርቻ ግን ፋብሪካውም ታክሲውም የሚያርፈው በሕዝብ በዓላት እንጂ በየወሩ በሚውሉት የሚካኤል ወይም የማርያም ዕለታት አይደለም። በበዓል ዋዜማ ሥራው እንዲያውም ይበዛል።

ጤናና ምግብ ምን ድርሻ አላቸው?

ቁርስ ሳይበላ አሸዋ የሚያመላልስ ሰው እስከ ምሳ ሰዓት የሚያነሣው መጠን ከጠገበው ያነሰ ነው፤ ያነሰ ስለሠራም ያነሰ ይከፈለዋል፤ ማግስቱንም እንዲሁ ይጀምራል። አንድ የቤተሰብ አባል ሲታመም ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ይቋረጣል፤ የታማሚውና የአስታማሚው። የታመመ ቀን የሚከፈለው ለቋሚ ተቀጣሪ ስለሆነ የቀን ሠራተኛው ታሞም ይሠራል።

መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው አርሶ አደሮች ለምን ወደ ሌላ ሥራ ቶሎ አይገቡም?

እርሻ የዕውቀትና የጊዜ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው። አንድ አባት ጤፍና ምስር ሲያመርትበት የኖረው ማሳ ኮንዶሚኒየም ወይም ፋብሪካ ሲሆን ካሣው ይከፈላል፤ የ50 ዓመት ዕውቀቱን ግን የሚቀጥርለት የለም። ለጥበቃ ሥራ ከተጠራ ቀድሞ የራሱ በነበረው መሬት ላይ ሌሊት ቆሞ ያድራል። ልጆቹ በቀን ሥራ፣ በባጃጅና በቤት ማከራየት ሊተዳደሩ ይችላሉ፤ የእርሱ የሥራ ሰዓት ግን መቀነሱ እንደ ምርጫ ሊቆጠርበት አይገባም። ካሣ በገንዘብ ብቻ መከፈሉ በቂ አይደለም የምንለው ገንዘቡ የሚያልቅ፣ ሥራው ግን ዕድሜ ልክ የነበረ ስለሆነ ነው።

ግብር መጨመሩ ወይም መቀነሱ የሥራ ሰዓትን ይለውጣል?

በመዝገብ ደመወዝ ለሚከፈላቸው በመጠኑ። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱ ዝቅተኛ ተከፋዮችን ረድቷል። የቀን ሠራተኛውን፣ የጉሊት ነጋዴዋንና የቤት ሠራተኛዋን ግን ብዙም አይነካም።

ሕጉ ስንት ሰዓት ያስሠራል?

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ወጣት ሠራተኞች የቀኑ ጣሪያ 7 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያውም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ነው።

አዋጁ በግል አገልግሎት ለተቀጠሩ የቤት ሠራተኞች ተፈጻሚ አይሆንም። በራሱ ሥራ የሚተዳደረውም ሰው፣ የባጃጅ አሽከርካሪውና የጉሊት ነጋዴዋ ጭምር፣ የሥራ ሰዓት ጣሪያ የለውም። በከተማው ዳርቻ ረጅሙን ሰዓት የሚሠሩት ደግሞ በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው፤ ስለዚህ ለእነርሱ የሥራ ቀኑን የሚያሳጥርላቸው የሰዓት ድንጋጌ ሳይሆን፣ ባጃጁን በራሳቸው ስም ለመግዛት የሚያስችል ብድር፣ ጥላና ውኃ ያለው የገበያ ቦታ፣ እንዲሁም የቤት ሠራተኛዋን የሚሸፍን የራሷ ደንብ ነው።